አሥራ አንደኛው ወረቀት

ወገዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ዘካርያስ፣

እንደምን ሰነበቱ? በአካል አላውቅዎትም፤ ስምዎን ግን ቤታችን ውስጥ እንደ ዘመድ ስም ስሰማው ኖሬአለሁ። ይስማው ጌጡ እባላለሁ። የየኔነሽ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል እማራለሁ።

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእማማ መሰለች እጅ የላኩትን ፖስታ ከፍቼዋለሁ። ላዩ ላይ የነበረው የእህቴ ስም ነው። እማማ መሰለች ፋሻቸው ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነውና በራችን ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ይኸ ነው እንዴ ይስማው? በድምፅህ ረጅም አድርጌ ነበር የሣልኩህ» ብለው ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ከሣቅሁ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖኝ ነበር።

የጠየቁትን በቅድሚያ ልመልስ። የእማማ መሰለች የዐይን ግፊት አልተለካም። ጠብታው ለአምስት ቀን ያህል ይበቃቸዋል። «ተቀይመሽኝ ነው ዝም ያልሽው?» ላሉት ደግሞ፣ አልተቀየመችም። ስለ እርስዎ ስታወራ፣ «እጁ ወርቅ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የዶሮ ጭረት» ትል ነበር እንጂ ክፉ ሲወጣት አልሰማሁም።

የኔነሽ ጥቅምት 24 ቀን አርፋለች። ከእስቴ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና አልደረሰም። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ይፍቀዱልኝ። የመነጽር መለኪያ ሳጥኗ ግን ደርሶልናል። ከሁለት መቶ በላይ መስታወት ነበረበት፤ አንዱም አልተሰበረም። እናቴ ሳጥኑን አይታ፣ «ይኼስ መትረፉ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች።

ስልኩ እንደሚያውቁት ስለተዘጋ እናንተ በለመዳችሁት መንገድ ልኬዋለሁ። እህቴ መርምራ ቢላዋ የሚያስፈልገውን ሰው ወረቀት አስይዛ ወደ እርስዎ ትሰድዳለች። እርስዎ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሰው በወረቀቱ ጀርባ ጽፈው በዚያው ሰው እጅ ይመልሱላታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ጠብታውንም መነጽሩንም፣ እሷ ትይዛለች። ይህንን ወረቀት የያዙት እሷ ከመረመረቻቸው አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ፖስታውን ስሰጣቸው በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ይኼ ደግሞ ከብዷል» አሉኝ። አንድ ገጽ ነው።

ይስማው


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይስማው ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤህን ካነበብሁ በኋላ የዕለቱን ሥራ ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና አትደንግጥ። አባ ተክለ ሃይማኖት ከመምጣታቸው በፊት፣ ኅዳር 20 ቀን፣ ከታች ጋይንት አንዲት ሴት የእህትህን ወረቀት ይዛ መጥታለች። በእጅ ጽሕፈቷ «ኅዳር 20» ይላል። እኔም ሳላውቅ ጀርባው ላይ ቀልድ ጽፌ መልሼላታለሁ። ያ ወረቀት እጅህ ከገባ እባክህ ሳታነብ ቅደደው።

የኔነሽ ወረቀት ላይ የምታሰፍረው የጻፈችበትን ቀን አይደለም፤ ታካሚው እኔ ዘንድ የሚደርስበትን ቀን ነው። አንዱን አዝመራው ከገባ፣ ሌላውን የዐይኑ ሞራ ከጠነከረ በኋላ ብላ ትቀጥራለች። ስለዚህ ሰዎቿ ገና ይመጣሉ። ወረቀቶቿም አብረዋቸው ይመጣሉ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ስልኩ ሳይዘጋ ለመጨረሻ ጊዜ ስንነጋገር፣ «በዚህ ዙር አሥራ አንድ ወረቀት ጽፌያለሁ» አለችኝ። «አሥሩ የለመድከው ነው። አሥራ አንደኛው ግን ከዘገየ አይመለስም። አደራ፣ እሱን በሰልፍ እንዳታቆምብኝ።» ማን እንደሆነ ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ ሰባት መጥተዋል፤ አንዳቸውም እሱ አይደሉም። የወረቀቱ ጥራዝ ቀሪ እናንተ ዘንድ ካለ እባክህ ተመልከትልኝ። የአንድ ሰው ዐይን ነው።

ዘካርያስ


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ዘካርያስ፣

አርባዋን ታኅሣሥ 3 ቀን አውጥተናል። ያ ወረቀት ደርሶኛል። እንዳሉኝ አላደረግሁም፤ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ቀልድ ነው። ትሥቅበት ነበር።

ጥራዙ ከሳጥኗ ክዳን ሥር ተገኘ። በአሥሩ ቀሪ ላይ ስም፣ ቀበሌ፣ የትኛው ዐይን እንደሆነ ተጽፏል። አሥራ አንደኛው ላይ ስም የለም። «ጥር 25» ብቻ ይላል፤ ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ስም ከሌለው በእግር መፈለግ ነው ብዬ ቅዳሜና እሑድ ከወገዳ በታች ያሉትን ጎጦች መዞር ጀመርሁ። ብርድ ስለነበር የእሷን ነጭ ጋዎን ደርቤ ነበር። ስሕተቴ ይህ ነው።

ይህን ደብዳቤ የያዙት አቶ አበጀ ስምንተኛው ሰው ናቸው። ስደርስ አውድማ ዳር ተቀምጠው ነበር፤ ልጆቻቸው ስንዴ ይወቃሉ። ሁለቱም ዐይናቸው በሞራ ስለተጋረደ ከብርሃንና ከነጭ ነገር በቀር አያዩም።

«መጣሽ የኔነሽ?» አሉኝ። «ምነው ድምፅሽ ጎረነነ? ብርድ መታሽ?»

አላረምኋቸውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሷ እንደምታደርገው አሥር እርምጃ ርቄ እጄን አነሣሁና «ስንት ነው?» አልኋቸው።

«ጣት ነው የምታሳዪኝ የማረሻ እርፍ? እንደ ልማድሽ ቀረብ በይ እንጂ!» ልጆቻቸው ሣቁ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ ቀኜ አዘነበሉ። «ያቺስ ካጠገብሽ የቆመችው ማን ናት? ግቢ በያት።»

ካጠገቤ ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኋቸው። ልጆቹ መንሹን ጣሉ። አቶ አበጀ ከጎናቸው ያለውን ጭድ በእጃቸው ጠረግ አደረጉና፣ «እንግዲያ ለሁለታችሁም ቦታ አለ፤ ተቀመጡ» አሉኝ።

ዶክተር፣ እኔም አያታለሁ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ። አርባዋ ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ መቃብሩ ዘንድ ቆማ ነበር። ከእሷ ቀኝ፣ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ሌላ ገርጣ ያለች ሴት ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ዐይኔን ጠርጌ አየሁ፤ አለች። አባ ተክለ ሃይማኖት ጧፍ ሲያነሡ ከእሳቸውም ቀኝ ነበረች። አልፈራኋትም። እጆቿን ወደ ታች ለቅቃ ዝም ብላ ትቆማለች። አሥራ አንደኛውን ሰው እስካገኝ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል።

ይስማው


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ዘካርያስ፣

እንኳን ለገና ዋዜማ አደረሰዎ። አቶ አበጀ ደብዳቤዎን አድርሰውልኛል። ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ራሳቸው የፖስታውን ማኅተም እያዩ ሰጡኝ። ቆይተውም አካባቢዬን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «አንድ ነህ» አሉኝ። ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

ጥያቄዎችዎ ገርመውኛል። ስለ አሥራ አንደኛው ሰው ይጽፉልኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ እሷ ጠየቁኝ። ማንም ስላልጠየቀኝ በደስታ እመልሳለሁ።

ሁልጊዜ በስተቀኝ ናት ወይ ላሉት፣ አዎ፤ በስተቀኝ ከፍ ብላ። ግራ ዐይኔን በመዳፌ ስሸፍነው ትጠፋለች። ቀኙን ስሸፍነው ግን አለች፤ እንዲያውም ከሰውየው እኩል ትደምቃለች። ከሰው ሌላ ነገር አጠገብም ይታይሃል ወይ ላሉት፣ ጨረቃ ጅራት አላት፤ በመኪና መብራት ጎን ሌላ መብራት ይበራል። እሱን ለምጀዋለሁ። ዐይኔን አሻለሁ ወይ ላሉት፣ አዎ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል። የኔነሽ እጄን በጥፊ እየመታች፣ «የበሰለ ቲማቲም ነው እንዴ የምታሸው?» ትለኝ ነበር።

መነጽሬን በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ቀይራልኛለች። የመጨረሻው መስከረም ላይ ነበር። በባትሪዋ ከጎን እያበራች ግራ ዐይኔን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ምን አየሽ?» አልኋት።

«ስንፍናህን። እስከ ጀርባው ድረስ ገብቷል።»

ከዚያ ወጣች። ውጭ ቆማ እጇን ስትታጠብ በመስኮት አየኋት። ውኃው አልቆ እንኳ ትታጠባለች።

ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፍሁልዎ አላውቅም። ዶክተር፣ እንደ ታካሚ እየመረመሩኝ ነው? ከሆነ ይንገሩኝ። ጥር 25 እየደረሰ ነው፤ ሰውየውን አላገኘሁም። አሥሩም ሄደዋል። በየጎጡ ስደርስ ሕፃናት፣ «የሙት ጋዎን መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ ውኃ ሰጡኝ። ሁለት ጣሳ።

ይስማው


ባሕር ዳር፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይስማው ወንድሜ፣

አዎ፣ እየመረመርኩህ ነበር። ሳልነግርህ ማድረጌ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ።

የትምህርት ቤትህን የቀን መቁጠሪያ ተመልከት። ጥር 25 የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት የሚጀመርበት ቀን አይደለም? የኔነሽ ገበሬውን በአዝመራው፣ ተማሪውን በዕረፍቱ ነው የምትቀጥረው። ቀሪው ላይ ስም ያልጻፈችው የማትረሳው ሰው ስለሆነ ነው። መነጽር ላላቸው ሰዎች ደግሞ ወረቀቱ እንዳይጠፋባቸው በመነጽሩ ማኅደር ጨርቅ ሥር ትከተው ነበር። የአንተን ፍታው።

የማስበው ይህን ነው። የዐይንህ ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን እየሳሳ ወደ ውጭ ሾሏል፤ ክብ መሆን ሲገባው እንደ ጎጆ ጉልላት ሆኗል። ስለዚህ ብርሃኑ አንድ ቦታ አያርፍም፤ የምታየው ነገር ሁሉ ካጠገቡ ገርጣ ያለ ሌላ ምስል ይኖረዋል። የጨረቃዋ ጅራት እሱ ነው። ሌላውም... አንተው ጨርሰው። እኔ ልጽፈው አልደፍርም።

እኔ በጠብታና በብርሃን ሽፋኑን አጠንክሬ እንዳይብስ ላቆመው እችላለሁ። የኔ ሥራ እዚያ ያበቃል። አንዱን አንድ አድርጎ የሚያሳይህ ዐይን ላይ የሚለጠፍ ጠንካራ ሌንስ ነው፤ እሱን ለክቶ የሚያስማማው ኦፕቶሜትሪስት ነው። የእህትህ ሥራ ነበር። አብራት የተማረች ፍቅር የምትባል ባለሙያ እዚህ አለች፤ እሷ ትይዝሃለች።

ና።

ዘካርያስ


ወገዳ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ዘካርያስ፣

ማኅደሩን ፈታሁት። ወረቀቱ አለ። ልገልብጥልዎ፦

«ስም፣ ይስማው ጌጡ። ዕድሜ፣ 17። ግራ ዐይን፣ በፍጥነት እየሾለ ነው፤ ቀኙ ገና ነው። ለእሱም ለእናቴም አልነገርሁም፤ ፈተናውን ይጨርስ፤ ጥር ላይ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ዘካርያስ፣ አንተ አቁምልኝ፤ የቀረውን እኔ አስተካክላለሁ።»

ከወር በላይ አውድማ ለአውድማ ስዞር ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እርስዎ ልክ ነበሩ። ግን አልመጣም።

አይቆጡኝ። የሚሉትን ሁሉ ተረድቻለሁ። ሌንሱ አንድ ያደርገዋል ብለዋል። አንድ ሲሆን የምትቀረው ማን ናት? አንድ ጊዜ ቀብሬአታለሁ። ሁለተኛ በገዛ ዐይኔ እንድቀብራት ነው የሚጠይቁኝ።

ደግሞም ያላብራሩልኝ ነገር አለ። የእናቴ ጥላ ከሆነች እናቴ ስትጎነበስ መጎንበስ ነበረባት። ትናንት ጠዋት እናቴ አጥሩ ሥር ጭራሮ ስትለቅም ቀኝ ዐይኔን ሸፍኜ አየሁ። እናቴ ጎንበስ አለች። እሷ ቀጥ ብላ ቀረች፤ ፊቷም ወደ እኔ ነበር።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ እናቴ ቀና ብላ።

«ምንም።»

«ምንም የማያይ ሰው እንዲህ አይፈዝም» አለችና ወደ ቀኟ ዞራ ባዶውን አየች። ከዚያ ጭራሮውን ትታ ገባች።

ይስማው


ባሕር ዳር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይስማው፣

ይህን የያዘው ሰው ስለሚቸኩል አጭር ነው።

ስለ መጎንበሷ አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽህም። የማውቀውን ልንገርህ። ሽፋኑ መሾሉን ከቀጠለ ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳ ሲይዝ የሚጠፋው የገረጣው ምስል ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ፊደል ይጠፋል፤ ቀጥሎ የሰው ፊት። እናትህም እሷም አንድ ጉም ይሆናሉ፤ በየት በኩል ማን እንደቆመ አታውቅም። ቀኙም ይከተላል።

እህትህ ለኔ የሰጠችኝ የመጨረሻ ሥራ አንተ ነህ። አሥሩን ጨርሻለሁ። «አንተ አቁምልኝ» ብላ ጽፋለች። እንቢ ብትል የምትከለክለው እኔን አይደለም።

ጥር 25 ቀን ሰልፍ የለብህም። በሩ ላይ እቆማለሁ።

ዘካርያስ


ወገዳ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ዘካርያስ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥር 25 ቀን በር ላይ ቆመው ስለጠበቁኝ፣ የዐይኔንም መሾል ስላቆሙልኝ እስከ ዛሬ በወጉ አላመሰገንሁዎትም። እናቴም ታመሰግናለች። እርስዎ ዘንድ ተቀምጣ በተመለሰች ቁጥር፣ «የዐይን ሐኪም ሆኖ እሱ ራሱ መነጽር ያደርጋል» እያለች ጎረቤቱን ታሥቃለች።

እኅት ፍቅር ሌንሱን ከፋሲካ በኋላ አስማምታልኛለች። ሦስቴ ለክታ ሦስቴ መለሰችው። በአራተኛው ስታደርግልኝ እንባዬ ፈሰሰ። «ሲለምዱት ነው፤ ሁሉም ያለቅሳል» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አነበብሁላት። ከዚያ በመስኮቱ የቆሙትን ሰዎች እንዳይ ነገረችኝ። አየሁ። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ነበር። ያን ያህል ብቻቸውን የቆሙ ሰዎች አይቼ አላውቅም።

ወገዳ ስደርስ እናቴ መኪናው መቆሚያ ድረስ መጥታ ነበር። ብቻዋን። በቀኟ ባዶ ነበር፤ ባዶው ራሱ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊቷን ሳየው ጠውልጓል፤ ከግራ ቅንድቧ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለ። የኔነሽ እዚያው ቦታ የነበራት ይመስለኝ ነበር እንጂ የእናቴ መሆኑን አላስታውስም። ወረቀቱንም ከማኅደሩ አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። «የቀረውን እኔ አስተካክላለሁ» የሚለው ላይ ብዕሯ ወረቀቱን ሊቀድ ምንም አልቀረውም። በፊት ይህን አላየሁም።

እኅት ፍቅር የክትትል ቅጽ ሰጥታኛለች። እኔው ሞልቼ በታካሚ እጅ እንድልክልዎ ነው። ይኸው ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ፦

ሌንሱን በቀን ስንት ሰዓት ታደርጋለህ? አሥር።

ሕመም፣ መቅላት? የለም።

ዐይንህን ታሻለህ? አላሽም። እጄ ሲነሣ በጥፊ የመቱኝ ያህል ይመለሳል።

ከሌንስ ጋር ምን ያህል ታያለህ? ከመጨረሻው መስመር በላይ ያለውን እስከ ጫፉ።

ያለ ሌንስ ምን ያህል ታያለህ?

ይህችን ባዶ ልተዋት ነበር። ግን እርስዎ የማያውቁትን አውቃለሁ ብለው አልዋሹኝም፤ እኔም አልዋሽዎትም።

ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ፣ እንደታዘዝሁት ሌንሱን ለማጠብ አወለቅሁ። እናቴ ከምንጭ ስትመለስ በሩ ላይ አየኋት። ቀኝ ዐይኔን ሸፈንሁ። በቀኟ፣ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ያቺው ቆማለች። እጆቿን እንደ ወትሮው ወደ ታች አልለቀቀችም። በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ አንድ እጇን አንሥታ ጣቶቿን ታሳየኛለች።

ቆጠርኋቸው። ጮክ ብዬም ተናገርሁ።

«ምኑ ነው ሦስት?» አለችኝ እናቴ።

በሁለት እጇ ጀሪካን ይዛ ነበር።

ይስማው